ካናሪ

ካናሪ ቢጫ ላባ ያላት ትንሽ የቤት ወፍ ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን እንግሊዞች “ካናሪዎቹ” ሲሉ የጥይት ፋብሪካ ሴቶችን ማለታቸው ነበር። ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ ቆዳቸውን ቢጫ፣ ፀጉራቸውን ቀይ ዳማ ያደርገው ነበር፤ ቢጫ ሕፃን የወለዱም አሉ። ስሙን ያወጣው ቀልደኛ ፈንጂውን በእጁ የነካ አይመስለኝም። ከሴቶቹ መካከል መርዙ ጉበታቸውን ጎድቶት የሞቱ ነበሩና።

ስለ ሠራተኛ ቤተሰብ ሴቶች የሚተርኩ ቤተሰብን ከትውልድ ትውልድ የሚከተሉ ልብ ወለዶች ይህን ፋብሪካ ይወዱታል፤ ፍቅር፣ ፍንዳታና ደመወዝ አለበት። እኔን የሚስበኝ ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ብዙውን ሥራ ለወንዶች የሚተወው የቅድመ ጦርነቱ የፋብሪካ አሠራር እንዲመለስ አዘዘ፤ ብዙ ካናሪዎች ከፋብሪካ ወጡ፤ ለሰው ቤት ግርድና የተቀጠሩም ነበሩ።