ስለ ነገሥታት ቀብርና ስለ ሕዝብ ፍርድ

ሞት ንጉሥን ከገባር፣ ጌታን ከሎሌ አይለይም፤ ቀብር ግን ይለያል። ድኻ ሲሞት ጎረቤቱና ዕድርተኛው ተሰብስቦ ያለቅስለታል፤ ስለ አቀባበሩም ክርክር አይነሣም። ንጉሥ ሲሞት ግን አስከሬኑ በየት በኩል ይለፍ፣ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ ነጋሪት ይመታ ወይስ ይቅር፣ ወጪውስ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይውጣ ወይስ ከቤተ ዘመድ የሚለው ሁሉ የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል። ይህን ክርክር የሥርዐት ክርክር ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰው ነገሩን አልመረመረም፤ በሟቹ ዘመን ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነውና። የነገሩንም ክብደት ለመረዳት የዳግማዊ ምኒልክንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አቀባበር ከነቀምትና ከወለጋ ከተሞች ሆኖ መመልከት ይበቃል።

በቀድሞው ልማድ የትልቅ ሰው ልቅሶ በስውር አይሆንም። ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ በአደባባይ ይዞራል፤ አልቃሹም ሟቹን በፈረሱ ስም እየጠራ ጀግንነቱን ይቈጥራል። ይህ ልማድ የአማራው ብቻ አይደለም፤ የኦሮሞውም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ኃይለ ሥላሴም አባ ጠቅል መባላቸው ከዚሁ ከፈረስ ስም የመጣ ነው። ስለዚህ የወለጋ ፈረሰኛ የንጉሥን ልቅሶ ለማልቀስ አስተማሪ አያሻውም ነበር። ያጣው ልቅሶውን ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ግን በአዋጅ አልተነገረም፤ አስከሬናቸውም ያለ ዕንባና ያለ ነጋሪት በቤተ መንግሥቱ ግቢ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በስውር ዐረፈ። በዚያን ጊዜ የነቀምት ገዥ ደጃዝማች ቁምሳ ሞረዳ ነበሩ። እኒህ ሰው ሲጠመቁ ገብረ እግዚአብሔር ተብለዋል፤ የክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ምኒልክ ነበሩ። ክርስትና አባትነት ደግሞ በኢትዮጵያ የስም ጌጥ አይደለም፤ ዝምድና ነው፤ ዝምድናም የልቅሶ ዕዳ አለበት። አባታቸው ሞረዳ በከሬ ለራስ ጎበና ከገቡ ጀምሮ የለቃ ነቀምት ቤት ግብሩን እየሰጠ፣ አገሩን ራሱ እያስተዳደረ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ በዚህ ዝምድና ተሳስሮ ኖሯል። በአዋጅ ያልተነገረ ሞት ግን በአደባባይ አይለቀስም። የክርስትና ልጁ በነቀምት፣ የክርስትና አባቱ በመቃብር፣ በመካከላቸውም ዝምታ ሆነ።

ሞቱን የሸሸጉት ሰዎች አገር እንዳይታወክ ብለው ይሆናል። ነገር ግን ያልተለቀሰ ንጉሥ ለወራሹም ሸክም ነው። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ገዝተው በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ በዚያው በጥቅምት ወር በሰገሌ ብዙ ደም ፈሰሰ። የአባታቸውን ዐፅም በክብር ለማሳረፍ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያምን ያሠሩት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው።

ሁለተኛውም ነገር እንደ ፊተኛው ሆነ፤ ይልቁንም ከፋ። 1967 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገር የታየበት ነው። መስከረም 2 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ለአራሹ እንዲሆን ታወጀ፤ ነሐሴ 21 ቀን ንጉሡ ሞቱ። ደርግ በሕመም ሞቱ ብሎ አስነገረ እንጂ አስከሬኑን ለቤተ ዘመድ አልሰጠም፤ ፍትሐትም አልተደረገም። በኋላ ግን በታፈነ እጅ መገደላቸው በፍርድ ቤት ተነገረ። ዐፅማቸውም በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከሲሚንቶ ወለል በታች ተገኘ።

በዚያው በ1984 ዓ.ም. ሌላም ዐፅም ከአፈር ወጥቷል። በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን ተይዘው የተገደሉት የወለጋው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በራስ አስራተ ካሳ ግቢ ተቀብረው ተገኙ። አንዱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ሌላው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ በሕይወት ሳሉ ሁለት መንገድ የሄዱትን አንድ ገዳይ በአንድ ግቢ አገናኛቸው። ፓትርያርኩ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ዐረፉ፤ ቄሱም በወገኖቻቸው እጅ ተቀበሩ። የንጉሡ ዐፅም ብቻ በክርክር ቈየ።

ክርክሩም ይህ ነበር። ቤተ ዘመድና ወዳጆች በመንግሥት ክብር ይቀበሩ አሉ፤ መንግሥት ግን ይህን አልፈቀደም። በሐምሌ 1984 ዓ.ም. በተወለዱ በመቶኛው ዓመት ሊደረግ የታሰበው ቀብር ቀረ፤ ዐፅሙም ከስምንት ዓመት በላይ በበዓታ ተቀመጠ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ በስውር የተቀበሩት ሁለቱ ነገሥታት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር ተገናኙ ማለት ነው።

በመጨረሻም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ዐፅሙ ከበዓታ ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ አልፎ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄደ፤ በዚያም ከእቴጌ መነን አጠገብ ዐረፈ። ጸሎተ ፍትሐቱን የመሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ነበሩ። ሽማግሎች አርበኞች የአንበሳ ጐፈር ደፍተው ተከተሉ። መንግሥት ግን የመንግሥት ቀብር አይደለም አለ፤ ከቀብሩም በፊት የዘመናቸውን ግፍ የሚያስታውስ ቃል አወጣ። የወጣው ሕዝብ ከታሰበው አነሰ። ከጃማይካ ሪታ ማርሌ መጥታ ነበር፤ ብዙዎቹ ራስተፈሪያን ግን ንጉሡ ሞቱ መባሉን ስለማይቀበሉ በቀብሩ አልተገኙም።

የወለጋ ሰው በዚህ ነገር አሳቡ አንድ ሊሆን አይችልም፤ ያሳለፈው ታሪክ አንድ አይደለምና። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በነቀምት አጠገብ በቦነያ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉ፣ መኰንኖቹንም የገደሉ የጥቁር አንበሳ አርበኞች በንጉሡ ስም የተዋጉ ናቸው። በዚያው ክረምት ግን ደጃዝማች ሀብተ ማርያምና የምዕራብ ኦሮሞ መኳንንት አገራቸው በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር እንዲሆን ለመንግሥታት ማኅበር አመልክተዋል። አንዱ አገር፣ አንዱ ወር፣ ሁለት ልብ ነበረው። ከድል በኋላም እንዲሁ ነው። የተከፈተለትን ትምህርት ቤትና የተሠራለትን መንገድ የሚያስብ አለ፤ መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ለሌላ ሲሰጥ ያየ፣ ጭሰኛ ሆኖ የኖረ፣ አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በተረጐመበት በኦሮምኛ ልጁ በትምህርት ቤት እንዳይማር የተደረገበትም አለ። የፊተኛው ነጋሪት ይመታ ቢል፣ የኋለኛው ዝም ይባል ቢል፣ ሁለቱም የሚናገሩት ከቤታቸው ካዩት ነው። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ደግሞ አለ፤ ይኸውም በደርግ ዘመን ልጁ ወይም ወንድሙ ተወስዶ ዐፅሙን ያላገኘ ነው። እርሱ ስለ ንጉሡ ሣጥን ሲነገር የሚያስበው ስለ ነጋሪቱ አይደለም፤ የእኔስ የት ወደቀ ይላል።

እንግዲህ ይህን ክርክር የሚፈታው ምንድር ነው? ሦስት ነገሮችን መለየት ነው። መቀበር አንድ ነው፤ ጸሎተ ፍትሐት ሁለተኛ ነው፤ የመንግሥት ክብር ሦስተኛ ነው። መቀበር ለሰው ሁሉ የሚገባ ዕዳ ነው፤ ወንበዴም ቢሆን አይከለከልም። ፍትሐት ለአማኙ የሚገባ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ምሕረት መለመን ነው እንጂ ሟቹ አልበደለም ብሎ መመስከር አይደለም። ሦስተኛው ግን ሕዝብ በሚዛን የሚሰጠው ወይም የሚነሣው ነው።

መጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ ይህን ልዩነት ያውቃል። ኢዮራም ንጉሠ ይሁዳ በሞተ ጊዜ በዳዊት ከተማ ተቀበረ፤ ሕዝቡ ግን ለአባቶቹ የሚያደርገውን የቃጠሎ ሥርዐት አላደረገለትም፤ በነገሥታትም መቃብር አላኖረውም። ንጉሡ ኢዮአስም እንዲሁ ከነገሥታት መቃብር ተለየ፤ ያሳደገው ካህኑ ዮዳሄ ግን ንጉሥ ሳይሆን ስለ በጎ ሥራው ከነገሥታት ጋራ ተቀበረ። ሕዝቡ ክብሩን ከለከለ፤ መቃብሩን ግን አልከለከለም። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎችም የሳኦልን ሬሳ ከቤትሳን ቅጥር ባወረዱ ጊዜ ሳኦል መልካም ነገሠ ወይስ ክፉ ብለው አልተጠያየቁም፤ ሌሊቱን ሁሉ ሄደው አወረዱት።

በሩቅ አገርም የሆነው ይህን ያስረዳል። የመስኮቡ ንጉሥ ዳግማዊ ኒቆላዎስ በ1910 ዓ.ም. ተገድሎ በስውር ተጣለ፤ ዐፅሙም ከሰማንያ ዓመት በኋላ ሐምሌ 10 ቀን 1990 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ተቀበረ። ፕሬዚዳንቱ የልትሲን እገኝ አልገኝ ብለው ቈይተው በመጨረሻው ተገኙ፤ ፓትርያርኩ ግን ዐፅሙን ተጠራጥረው ቀሩ፤ በጸሎቱም የሟቾቹ ስም አልተጠራም። ሬሳ የሚሸሽግ መንግሥት ክርክሩን አያጠፋውም፤ ለልጅ ልጅ ያቈየዋል እንጂ።

ስለዚህ ከሁሉ የከፋው በደል ነጋሪት መከልከል አይደለም፤ ሬሳ መሸሸግ ነው። በ1906 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት የታየው ሞትን የመሸሸግ ልማድ በ1967 ዓ.ም. ንጉሡን ራሳቸውን ደረሰባቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ጳጳሱንና ቄሱን ደረሰባቸው፤ ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ የድኻ ልጆችንም ደረሰባቸው። ነገሥታቱ በመጨረሻ ካቴድራልና ታዕካ አገኙ፤ የድኻው ልጅ ዐፅም ግን ለቅሞ የሚያነሣው ይፈልጋል። የጭሰኛው ልጅ ነጋሪት አይመታ ቢል አይነቀፍ፤ የአርበኛውም ልጅ ይመታ ቢል አይነቀፍ። ነገር ግን ሁለቱም ስለ ንጉሥ ሣጥን መንገድ ከመከራከራቸው በፊት፣ ሣጥን ያላገኘውን አስቀድመው ይፈልጉለት። ቀብር ዕዳ ነው፤ ዕዳም የሚከፈለው ለሚገባው ብቻ ሳይሆን ለወደቀው ሁሉ ነው።