ዝንጅብል ያለው ቡና

ጁባ ገብተን የመጀመሪያውን ጀበና የጣድን ቀን፣ አንድ ደንበኛ ፉት አለና «ዝንጅብሉስ?» ብሎ ጠየቀን። ተናደድን። ቡና የእኛ፣ ጀበናው የእኛ፤ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል! በዚያ ሳምንት የተፈላው ቡና ግማሹ ተደፋ።

ነገሩን ቆይተን ነው ያሰብንበት። የአገራችን ቡና ወደዚህ አካባቢ የመጣው ከእኛ ጋር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ በወንዙ በኩል ከ2000 ሜትር የማይረዝም መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ጋምቤላ የቆመችው በዚህ ነው። ኮሜርስ ስንማር ስለ አሰብና ስለ ጅቡቲ ሸምድደናል፤ ስለዚህ ወደብ ግን አንድ አንቀጽ እንኳ ያነበብን አይመስለንም።

ከጎሬ በቡሬ በኩል ቡናው በበቅሎና በሰው ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል። ጋምቤላ ላይ ግሪኮችና ሶሪያውያን ነጋዴዎች ይረከቡታል። የእንፋሎት መርከብ የሚገባው ግን ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ውሃው ከጎደለ ጆንያው መጋዘን ውስጥ ዓመቱን ይጠብቃል። (የመጋዘን ኪራይ የከፈላችሁ ታውቁታላችሁ።) መርከቡ በሶባት በናስር በኩል አልፎ፣ ማላካል አጠገብ ነጭ አባይ ገብቶ ካርቱም ይደርሳል። ሲመለስ ጨውና አቡጀዲ ይጭናል። እንዲህ እያለ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ ጋምቤላም ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

ስለዚህ ያ ደንበኛ ዝንጅብል ሲጠይቅ ቡናችንን አላበላሸም። የእኛ ሰው ጤና አዳም ጣል ያደርጋል፣ በምዕራቡ ጨው የሚጨምርም አለ፤ ሱዳን ደግሞ ቡናውን ተቀብላ በራሷ ዝንጅብል ለመደችው። ሻይም ቢሆን መንገዱ ለውጦታል፦ ከቻይና በየብስ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣው «ሻይ» ተብሎ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ከፉጂያን ጠረፍ ደቾች በመርከብ የጫኑት ግን እንግሊዝ አገር «ቲ» ሆነ። ቅጠሉ ያው ነው።

አዲስ የመጡ እህቶቻችን አሁንም «ባህላችንን አናበላሽም» ሲሉ እንሰማለን። አንፈርድባቸውም፤ እኛም ብለነው ነበር፣ ኪሳራውንም ቆጥረናል። ዛሬ ዝንጅብሉን ከኮንዮ ኮንዮ ገዝተን ራሳችን እንወቅጣለን። ሁለት ጀበና እንጥዳለን፤ አንዱ ባለ ዝንጅብል፣ ሌላው ለአገራችን ሰው። ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው እንደሆነ እናንተው ገምቱ።