የክምር አቅም፦ ከሃንፎርድ እስከ ቆሼ

ታሪክ ሲባል የነገሥታት ዜና ብቻ ይመስለናል፤ ቆሻሻም እኮ ታሪክ አለው። በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ረጲ፣ ሰው ሁሉ ቆሼ የሚለው፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባን ጥራጊ ሲቀበል ኖረ። ክምሩ ተራራ አከለ፤ ድሃው ከሥሩ ጎጆውን ቀለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው አለቀ፤ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

እስቲ ደግሞ የሌላ አገር ቆሻሻ እንይ። አሜሪካ ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ በሃንፎርድ ለአቶም ቦምብ ፕሉቶኒየም ስታመርት፣ የተረፈውን መርዝ ከመሬት ሥር በተቀበሩ 177 ታንከሮች አጠራቀመች። ከታች የረጋው ዝቃጭ ጨረር ስላለው እንደ ልብ አይነካም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ነጭ ሸክላ አፈር በውሃ አቡክተው አምሳያውን ይሠራሉ። ባለ 4 ክንፍ ዘንግ ይሰኩበትና ቀስ አድርገው ያዞሩታል። ጭቃው እምቢ ብሎ ቆይቶ የሚለቅበት ኃይል የአቅሙ ልክ ነው። ዝቃጩን ነቅንቆ ለማውጣት ምን ያህል ጉልበት እንደሚያሻ የሚገመተው በዚህ ነው።

እንግዲህ እናመዛዝን። እዚያ ለማይነካው ዝቃጭ አምሳያ ተበጀለት። የኛው ክምር ግን የሚነካ ነበር፤ ሰው በእጁ እየጫረ የዕለት ጉርሱን ያወጣበት ነበር። ማንኛውም ክምር የመቆም ወሰን አለው፤ ቁልቁለቱ ሲበዛ፣ ውሃ ሲሰርገው፣ ጭነት ሲታከልበት ይለቃል። ከሥሩ ለነበረው ነዋሪ ያ ወሰን የታወቀው በሬሳ ነው።

ቆሼን በእንባ ብቻ ማስታወስ አይበቃንም። ሰው ከሥሩ ከመተኛቱ በፊት ክምሩ ይለካ፤ ልኩም ለነዋሪው ይነገር እንላለን።