አፕልቶክና የማተሚያው ዕጣ

ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል። አፕል ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. አፕልቶክ የተባለውን ፕሮቶኮል ባወጣ ጊዜ፣ በአንድ ቢሮ የሚገኙ ማኪንቶሾች በቀላል ሽቦ ተያይዘው ያለ ባለሙያ ርዳታ በአንድ ማተሚያ ለመገልገል ቻሉ። ኋላ ግን የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ዓለምን ሁሉ ስላገናኘ የአፕልቶክ ተፈላጊነት ቀነሰ፤ በ2009 የወጣው የማክ ሥርዐተ ክወና ስኖው ሌፐርድም ጨርሶ ተወው። ስለዚህ አፕልቶክን ብቻ የሚያውቅ ማተሚያ ሳይሰበር ለአዲሱ ኮምፒዩተር ዲዳ ሆነ። ይሁን እንጂ ያለ ባለሙያ የማገናኘት ጠባዩን በ2002 የወጣውና በ2005 ቦንዡር የተባለው ሥርዐት ወርሶታል። እኛ ተማሪዎችም ከዚህ የምንማረው፣ አዲሱን ስንቀበል አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በአስተርጓሚነት ማስቀረት እንደሚገባ ነው።