ምጽዋት ወደ መንደር ሲገባ



ምጽዋት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ባለጸጋው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን እንጀራ ያድላል፤ ማኅበርተኛውም ከድግሱ ለድኻ ይዘክራል። ይህ የዕለቱን ረኃብ ያስታግሣል፤ ድኻው የሚያድርበትን መንደርና ልጁ የሚጫወትበትን ቦይ ግን አይለውጥም። ዛሬ የምንናገረው ወደ መንደሩ ውስጥ ስለ ገባው ምጽዋት ነው።

በ1967 ዓ. ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የድኻውን ኪራይ ቀነሰለት። ዳሩ ግን የተቀነሰው ኪራይ ለእድሳት አልበቃም። ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት ባሉት አሮጌ ሠፈሮች ጣራው ሲያፈስ፣ የመጸዳጃው ጕድጓድ ሲሞላ ተመልካች ጠፋ። ክረምት በገባ ጊዜም የላይኛው ሰው ፍሳሽ በታችኛው ደጅ አልፎ ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ነርስነትን የተማሩት ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ ከመኳንንት ወገን የተወለዱ፣ የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት የዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ወርቅነህ ባለቤት ነበሩ። በደርግ ዘመን አምስት ዓመት ታስረው ከተፈቱ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ከሕፃናት አድን ድርጅት ጋር፣ በ1980ዎቹም ራሳቸው ባቋቋሙት የተቀናጀ የከተማ ልማት ፕሮጀክት አማካይነት በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቀበሌዎች ሠሩ። መጸዳጃና የጋራ ማድ ቤት ተሠራ፤ የውሃ ቦኖ ቆመ፤ የጎርፍ ቦይ ተቀደደ፤ መተላለፊያውም ድንጋይ ተነጠፈበት።

መተላለፊያ ማበጀት ትንሽ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና ሊደርስበት ካልቻለ፣ የሞላ መጸዳጃ እንዳልተሠራ ይቈጠራል። ንጽሕናም ጤናም በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ይመሠረታሉ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በልደታ መልሶ ማልማት ሲጀመር አሮጌው መንደር ፈርሶ ፎቅ ተተከለ። ቅድሚያ ክፍያውን የቻለው የቀበሌ ቤት ተከራይ ኮንዶሚኒየም አገኘ፤ ያልቻለው ወደ ሌላ የቀበሌ ቤት ተዛወረ። ብዙዎችም ወደ ከተማዪቱ ዳር ሄዱ። ተከራይ ሲነሣ የሠፈሩን ቦይና ቦኖ ይዞ አይሄድም፤ ጎረቤቱንና ዕድሩንም ጥሎ ይሄዳል።

እንግዲህ፣ አድማጮች ሆይ፣ የበጎ አድራጊ ገንዘብ ቦይ ይቀዳል፤ በየክረምቱ የሚጠርገው ግን ማዘጋጃ ቤት ነው። ድኻው በተጠረገው መንደር የመኖር መብቱም የሚጸናው በሕግና በመዝገብ ነው። መዝገቡን የምንይዘው እኛ የመንግሥት ሠራተኞች መሆናችንን አንዘንጋ።