መድኃኒት የምንለው መርዝ

ወዳጆቼ፣ የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ከኔ የምትጠብቁት የንጉሥ ወይ የጦርነት ወሬ ነው። ዛሬ ግን የአንድ የአረም መድኃኒት ታሪክ ላውጋችሁ።

አምና አቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት እርሻ ላይ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ጠምቶት መሬት ላይ ካገኘው ሃይላንድ ተጎነጨ። ቀለሙን እንኳ ልብ አላለም። ሽታው ሲመታው ተፋው፤ ትንሽ ግን ወርዷል። ፓራኳት ነበር።

ፓራኳት መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። አረም እንደሚያደርቅ የእንግሊዙ አይ.ሲ.አይ ኩባንያ የደረሰበት በ1955፣ ለገበያ ያወጣው ደግሞ በ1962 ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰው መሞት ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች ብዙዎቹ የጠጡት በስህተት ነው። አንዱ በለስላሳ ጠርሙስ ይቀዳዋል፣ ሌላው ኮካ መስሎት ያነሳዋል። ኩባንያው በኋላ ሰማያዊ ቀለም፣ መጥፎ ሽታና የሚያስመልስ ነገር ጨመረበት። ልጁን ያተረፈው ያ ሽታ ነው።

ሳንባችን የሚፈልጋቸውን ንጥረ ነገሮች የሚያስገባበት በር አለው። ፓራኳት እነሱን ስለሚመስል በዚያው በር ሰተት ብሎ ይገባል፤ ከደም ይልቅ ሳንባ ውስጥ በብዙ እጥፍ ይከማቻል። እዚያ ኦክስጅን ሲያገኝ ይብስበታል። ለዚህ ነው ሐኪሞች በሽተኛው በጣም ካልተቸገረ በቀር ኦክስጅን ለመስጠት የሚያመነቱት። ማርከሻ የለውም። ብዙ የጠጣ ሰው ሳንባው ጠባሳ እየሆነ ትንፋሽ ያጥረዋል። ትንሽ የገባበት ግን በወራት ውስጥ ሊያገግም ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ፓራኳትን ከገበያው አስወጣ። አገራችንም ብትሆን ከ2000 ጀምሮ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ካረጀው ፀረ ተባይ 1,500 ቶን ያህል ሰብስባ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ልካለች። ትልቅ ሥራ ነበር። አልጋ ሥር ያስቀመጥነውን ሃይላንድ ግን ለቅሞ የሚወስድልን መርከብ የለም።

ተማሪዬ ዛሬ ሥራ ጀምሯል። ዳገት ሲወጣ ግን መሃል ላይ ቆም ይላል። «ቲቸር፣ ስሜን ትተህ ጻፈው» አለኝ።

ይኸው ጻፍኩት። መርዙን ከመጣበት ዕቃ አታውጡት። የጠጣ ሰው ካጋጠማችሁ ደህና ቢመስልም አትዘናጉ፤ ሳንባው የሚታመመው ከቀናት በኋላ ነውና ወዲያው ዕቃውን ይዛችሁ ሆስፒታል አድርሱት። እስቲ አሁን ተነሱና ጓሮአችሁን እዩ፤ ምን በምን ተቀድቶ ተቀምጧል?