ቅጣቱን የፈጸመን ሰው ይዞ ማቆየት፤ ከአምባ ግሸን እስከ ወንጀል ሕጉ

ፍርድ ቤት የወሰነበትን የእሥራት ዘመን ያጠናቀቀ ሰው ወደፊት ጉዳት ያደርስ ይሆናል በሚል ሥጋት ብቻ ተይዞ ሊቆይ ይገባልን የሚለው ጥያቄ የበርካታ አገሮችን ሕግ አውጪዎችና ፍርድ ቤቶች ሲያከራክር ቆይቷል። ሰውን ባደረገው ሳይሆን ሊያደርግ ይችላል ተብሎ በሚፈራው ነገር ይዞ ማቆየት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በደቡብ ወሎ የሚገኘው የአምባ ግሸን ታሪክ ለዚህ ቀዳሚው ምሳሌ ነው።

የአምባ ግሸን ታሪክ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሐይቅና የውጫሌ ከተሞች ይገኛሉ። ግሸን ደብረ ከርቤ የምትገኘው ውጫሌን መቀመጫው ባደረገው በአምባሰል ወረዳ ውስጥ ሲሆን፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በርካታ ምእመናን የሚሰበሰቡባት ቅዱስ ሥፍራ ናት። በመካከለኛው ዘመን ግን ዙሪያው ገደል የሆነው ይህ አምባ የነገሥታት ወንዶች ልጆችና ዘመዶች በጥበቃ ሥር የሚኖሩበት ቦታም ነበር።

መሳፍንቱ በአምባው የሚቀመጡት ወንጀል ፈጽመው አልነበረም። ዓላማው ንጉሥ በሞተ ጊዜ በዙፋኑ ይገባኛል ሰበብ ጦርነት እንዳይነሣ አስቀድሞ መከላከል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አምባው በብርቱ እንደሚጠበቅና ማንም እንዳይቀርበው የተከለከለ እንደነበር ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሡት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብና በ1494 የነገሡት ዓፄ ናዖድ ከዚሁ አምባ ወርደው ለዙፋን የበቁ ናቸው።

ለዙፋን ያልተጠሩት ግን የሚፈቱበት የተወሰነ ቀን አልነበራቸውም። ጥፋት ስላልተገኘባቸው ጨርሰው የሚወጡት ቅጣት፣ ፍርድ ስላልተሰጠባቸውም ይግባኝ የሚሉበት ውሳኔ አልነበረም። አምባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ከተያዘ በኋላ ይህ አገልግሎቱ አብቅቷል። ልማዱ ግን በጎንደር ዘመን በወህኒ አምባ እንደገና ሥራ ላይ ውሏል።

ሕጉ የሚደነግገው

በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ማንኛውም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን እንደማያጣ፣ ክስ ሳይቀርብበት ወይም ሳይፈረድበትም ሊታሰር እንደማይችል ደንግጓል። በዚህ መሠረት ማረሚያ ቤት ታራሚን ይዞ የማቆየት ሥልጣን የሚያገኘው ከፍርዱ ሲሆን፣ የቅጣቱ ዘመን ሲያበቃ ሥልጣኑም ያበቃል። የታራሚው ጠባይ በአመክሮ ቀድሞ ለመፈታቱ ግምት ውስጥ የሚገባ ቢሆንም፣ ቅጣቱን ከተወሰነው ቀን በላይ ለማራዘም ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከዚህ የሚለየው በአእምሮ ሕመም ምክንያት በወንጀል ፍጹም ወይም በከፊል ኃላፊ ያልሆነ ሰው ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ሰው በተገቢ ተቋም ተጠብቆ እንዲቆይ ወይም ሕክምና እንዲደረግለት ሊያዝ እንደሚችል ይገልጻል። እርምጃው በባለሙያ ምርመራ ላይ ተመሥርቶ በፍርድ ቤት የሚሰጥ እንጂ በአስተዳደር ውሳኔ የሚወሰድ አይደለም።

ያለ አግባብ ተይዞ የቆየ ሰው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 መሠረት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። ሕግን በመጣስ ሰውን ይዞ ያቆየ የመንግሥት ሠራተኛም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 መሠረት በወንጀል ይጠየቃል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 የካንሳስ ግዛት በወሲብ ወንጀል የተቀጡና አደገኛ የተባሉ ሰዎችን ከቅጣታቸው በኋላ በፍትሐ ብሔር ሥርዓት ይዛ እንድታቆይ የሚፈቅደውን ሕግ በአምስት ለአራት ድምፅ አጽንቷል። በአንጻሩ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመን አንድን ታራሚ ጥፋቱን ሲፈጽም በሥራ ላይ ከነበረው የጊዜ ጣሪያ በላይ ይዛ ማቆየቷ መብቱን እንደጣሰ ወስኗል። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2011 የጥበቃ እሥራት ድንጋጌዎች ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጣጣሙ በይኗል። እንግሊዝ ማብቂያ ቀን የሌለውን ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል የሚወሰን እሥራት እ.ኤ.አ. በ2012 ብታስቀርም፣ አስቀድሞ የተፈረደባቸው ሰዎች ግን በስረዛው አልተካተቱም።

የግሸን መሳፍንትን ያስያዘው ሥጋት መሠረት የሌለው አልነበረም፤ የዙፋን ሽኩቻ ደም አፋስሷል። ይሁን እንጂ ሥጋት በራሱ ማብቂያ የለውም። በሥጋት ላይ የተመሠረተን እርምጃ ከአምባው ሥርዓት የሚለየው ማን አዘዘው፣ ለምን ዓላማ ታዘዘ፣ መቼስ እንደገና ይመረመራል ለሚሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ የሠፈረ መልስ መኖሩ ነው። የመፍቻ ቀኑ የደረሰን ሰው መዝገብ የያዘ ኃላፊም ቀድሞ ሊያረጋግጥ የሚገባው ይህንኑ ነው።